ስለ አዲሱ የሒሳብ ሥርዓትና ስለ ሎጊያ ገበያ

ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ ወደብ የሚወርደው የጭነት መኪና የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ ገዋኔንና ሚሌን ካለፈ በኋላ ሎጊያ ሲደርስ ያርፋል። ሎጊያ ከአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ከሰመራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ የምትገኝ፣ ኑሮዋም በመንገዱ ላይ የተመሠረተ ከተማ ናት። ነዳጅ ሻጩ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ባለ ምግብ ቤቱ፣ ባለ መኝታው፣ የከብትና የጨው ነጋዴው ሁሉም የሚኖሩት ከሚወጣውና ከሚወርደው መንገደኛ ነው። በለንደን የሚቀመጥ ጉባኤ የሚያወጣው የሒሳብ ደንብ በእንደዚህ ያለ ከተማ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ነገሩ እንደሚመስለው የራቀ አይደለም። በማኅበር የተቋቋመ የጭነት ድርጅት፣ ከባንክ ተበድሮ ሆቴል የሠራ ኩባንያ፣ ከብት ገዝቶ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ፣ በሸለቆው የሚያርስ የእርሻ ድርጅት፣ እነዚህ ሁሉ የዓመት ሒሳባቸውን በዚህ ደንብ መሠረት አዘጋጅተው እንዲያቀርቡ የአገሩ ሕግ ያዝዛል።

ትእዛዙ የትናንት አይደለም። የሒሳብ ሪፖርት አዘገጃጀትንና አቀራረብን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 847 በ2006 ዓ.ም. ጸድቆ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 332 የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድን አቋቋመ። ቦርዱም ዓለም አቀፉን ደንብ በአንድ ቀን በሁሉ ላይ መጫን እንደማይቻል ዐውቆ ሥራውን በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ከታላላቆቹ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ጋራ፣ ቀጥሎ የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ሌሎች ድርጅቶች፣ በመጨረሻም አነስተኞችና መካከለኞች እንዲገቡበት ነው። ባንኮቹ የመጀመሪያውን ሙሉ ሪፖርት በ2010 ዓ.ም. የበጀት ዓመት አቀረቡ። እነሱ ገንዘብም፣ የተማረ ሰውም፣ አማካሪ ለመቅጠርም አቅም ስለ ነበራቸው ተወጡት፤ ከኋለኞቹ መካከል ግን በተቆረጠው ቀን ያልደረሰው ብዙ ነው። ሎጊያን የሚነካው ይህ የኋለኛው ወገን ነው።

ደንቡ ከየት እንደ መጣ ጥቂት ቢነገር ነገሩን ያቀልላል። የሰጠውና የተቀበለው በአንድነት የሚጻፍበት የሁለት ወገን መዝገብ በመጽሐፍ ታትሞ ለዓለም የተገለጠው በመነኩሴ እጅ መሆኑን ካህናት ቢሰሙ ሳይደነቁ አይቀሩም፤ ሉካ ፓቾሊ የተባለ የፍራንሲስ ማኅበር መነኩሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የዚያ ከተማ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን አያያዝ ገልጦ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አገር የራሱን ልማድ ሲከተል ኖሮ፣ ካፒታል ከአገር ወደ አገር መሻገር በጀመረ ጊዜ የአንዱ መዝገብ ለሌላው የማይነበብ ሆነ። ስለዚህ በ1973 የሒሳብ ዐዋቂዎች ኮሚቴ ለንደን ላይ ተቋቋመ፤ በ2001ም አሁን ያለው ቦርድ ተተካ። ኬንያ በ1999፣ ናይጄሪያም ከ2012 ጀምራ ደንቡን ተቀበሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ሁሉ ከ2005 ጀምሮ እንዲከተሉት አዘዘ። እነዚህ ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካ ለራሷ ኩባንያዎች በራሷ ደንብ እስከ ዛሬ ትሠራለች፤ ይህ ግን የባለጸጋ አመል ነው እንጂ ካፒታል ፈላጊ አገር የሚከተለው ምሳሌ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. ባወጣችው የንግድ ሕግ ነጋዴው መዝገብ እንዲይዝ አዝዛ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የተተካው አዲሱ የንግድ ሕግም ይህንኑ ግዴታ አጽንቶታል። በመካከሉ ግን አንዱ በእንግሊዝ ልማድ፣ ሌላው በአሜሪካ ልማድ፣ የቀረውም ግብር ሰብሳቢው ይወድዳል ብሎ በገመተው ልማድ ሲሠራ ብዙ ዘመን አለፈ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፍቶ፣ የውጭ አገር ባንኮችም እንዲገቡ በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 በሩ ከተከፈተ በኋላ፣ በዚያ ልማድ መቀጠል የማይቻል ሆኗል። ስለዚህ ደንቡ ይጥቀም ወይስ ይጉዳ የሚለው ክርክር ያለቀ ነው። ያላለቀው ክርክር፣ ደንቡ የሚጠይቀውን እውነት መዝገብ ያዡ ከየት ያመጣዋል የሚለው ነው።

የአሮጌውና የአዲሱ ሥርዓት ልዩነት በአንድ ጥያቄ ይታያል። አሮጌው መዝገብ ለዕቃው ስንት ከፈልህ ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ ግን በብዙ ስፍራ፣ ዕቃው ዛሬ ምን ያወጣል፣ ነገስ ምን ያስገባልሃል ብሎ ይጠይቃል። ለፊተኛው ጥያቄ ደረሰኝ ይበቃል። ለኋለኛው ግን ገበያ፣ ገበያውን የሚመሰክር ሰው፣ ምስክርነቱንም የሚመረምር ሌላ ሰው ያስፈልጋል። በለንደንና በናይሮቢ እነዚህ ሦስቱ አሉ፤ ደንቡም የተጻፈው አሉ ብሎ ነው። በሎጊያ ግን ገበያው ቢኖር ዋጋው አይጻፍም፤ ዋጋውን የሚያውቀው ሽማግሌ ቢኖር በመርማሪ ፊት ቃሉ ሰነድ አይሆንም። የሎጊያ ችግር የወረቀቱ ብዛት ወይም የእንግሊዝኛው ክብደት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን አላዩም።

ምሳሌው ከብት ነው። የዓለም አቀፉ ደንብ 41ኛው የእርሻ ክፍል፣ ለንግድ የሚረባ ከብት በሒሳብ መዝጊያው ቀን ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ፣ ከዚያም የመሸጫው ወጪ ተቀንሶ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በበጀት ዓመቱ ውስጥ የግመሉ ዋጋ ከፍ ካለ ልዩነቱ እንደ ትርፍ ይጻፋል፤ ግመሉ ግን አልተሸጠም፤ ገና በበረቱ ቆሞ ያመሰኳል። በእርግጥ አዋጁ የተጻፈው ለድርጅቶች ስለ ሆነ መዝገብ ይዞ የማያውቀውን አርብቶ አደር በበረቱ ድረስ ተከትሎ አይሄድም፤ ከብት አደልቦ የሚሸጥ ወይም ወደ ውጭ የሚልክ ኩባንያ ግን ያገኘዋል። ይህን ትርፍ አይቶ ለባለ አክሲዮኖቹ ድርሻ ያከፋፈለ ኩባንያ፣ በሚመጣው ዓመት ዝናብ ቀርቶ ከብቱ ቢከሳ ወይም ቢያልቅ፣ ያከፋፈለው ትርፍ ሳይሆን ዋናው ገንዘቡ ሆኖ ይገኛል።

የአፋር አርብቶ አደር ሒሳብ አያውቅም ማለት ግን ስሕተት ነው። በሃይማኖቱ ሥርዓት ዘካ ለማውጣት በየዓመቱ ከብቱን ይቆጥራል፤ ከአምስት ግመል ጀምሮ የሚወጣው ተወስኗል፤ ስንት እንደ ተወለደ፣ ስንት እንደ ሞተ፣ የትኛይቱ እንደምትታለብ ከማናቸውም ሒሳብ ሹም ይልቅ እሱ ያውቃል። ልዩነቱ የእሱ ሒሳብ በራስ ቁጥር እንጂ በብር አለመሆኑ ነው። ብሩ የሚገባው ገበያ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ዋጋው ደግሞ በየገበያው ይለያያል። በባቲ የሰኞ ገበያ የቆላውና የደጋው ሰው ሲገናኙ አንድ ግመል የሚያወጣው ገንዘብና ያው ግመል በረሃው ውስጥ የሚያወጣው አንድ አይደለም። ይህ ለአፋር አዲስ ነገር አይደለም፤ አሞሌ ጨው በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል በነበረበት ዘመን፣ ከጨው ሜዳው አጠገብ ርካሽ የነበረው አሞሌ ወደ መሐል አገር በገባ ቁጥር እየከበደ ይሄድ ነበር። ደንቡም ይህንኑ ያውቃል፤ ዋጋው የሚተመነው ከብቱ ባለበት ስፍራ ነው ብሎ እስከ ገበያው ያለው የማጓጓዣ ወጪ እንዲቀነስ ያዝዛል። እንግዲህ የጨው ነጋዴ አባቶች በቃል ያውቁት የነበረውን ነገር የለንደን ሰዎች በአንቀጽ ጻፉት ማለት ነው፤ የጎደለው ዋጋውን በየሳምንቱ በመዝገብ የሚያሰፍር ጸሓፊ ብቻ ነው።

ይህን የሚያቃልል አንቀጽ ግን በደንቡ ውስጥ አለ፤ ብዙዎችም ሳያዩት ያልፋሉ። ለአነስተኞችና ለመካከለኞች ድርጅቶች ተለይቶ በወጣው ደንብ በ34ኛው ክፍል፣ የከብቱ ወይም የሰብሉ የገበያ ዋጋ ያለ ብዙ ወጪና ድካም የማይታወቅ ሲሆን፣ ድርጅቱ በገዛበት ዋጋ እንዲመዘግብ ተፈቅዷል። ይህን መንገድ የመረጠ ሒሳብ ሹም ምክንያቱን ጽፎ ማስረዳት አለበት እንጂ አይወቀስም። በሚያሳዝን ሁኔታ ግን አማካሪው የታላቁን ባንክ ሪፖርት አምጥቶ ስሙን ብቻ እየለወጠ ሲገለብጥ፣ በድርጅቱ ውስጥ የሌለ ነገር በሪፖርቱ ውስጥ ይገኛል፤ ያለው ነገር ደግሞ ይጠፋል።

ወደ ጭነት መኪናው እንመለስ ቢባል፣ በሎጊያ መንገድ የሚሠራው ድርጅት ትልቁ ንብረቱ መኪናው ነው። የግብር ሕጉ ለእርጅና የሚቀነሰውን በመቶኛ ወስኖ ይሰጣል፤ ዓለም አቀፉ ደንብ ግን መኪናው በእውነት ስንት ዓመት ያገለግላል ብሎ ይጠይቃል። ሙቀቱ ጎማ በሚያቀልጥበት፣ የጨው አቧራ ብረት በሚበላበት ቆላ የሚመላለስ መኪና በደጋ ከሚሠራው ጋራ እኩል ዕድሜ አይኖረውም። ስለዚህ ድርጅቱ አንድ ሒሳብ ለግብር፣ አንድ ሒሳብ ለደንቡ ይሠራል፤ በሁለቱ መካከል የሚገኘውም ልዩነት ወደ ፊት የሚከፈል ወይም የሚቀነስ ግብር ተብሎ በሦስተኛ ተራ ይጻፋል። ይህ ሥራ ለአንድ የተማረ ሰው ቀላል ነው፤ ሒሳቡን በሰኔ ወር ብቻ በሚቀጠር ጸሓፊ ለሚያሠራ ድርጅት ግን ከባድ ነው።

መኪናውን የገዛው በባንክ ብድር ከሆነ ነገሩ ወደ ባንኩ ይሻገራል። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ብድር የታመመ የሚባለው ክፍያው ከ90 ቀን በላይ ሲዘገይ ነው፤ ይህም በመዝገብ የሚታይ፣ ክርክር የሌለበት ነገር ነው። ባንኮች ከ2011 የበጀት ዓመት ጀምሮ የተቀበሉት 9ኛው ደንብ ግን ባለ ዕዳው አንድ ቀን እንኳ ሳያጓድል፣ ወደ ፊት ሊመጣ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ ገምቶ መጠባበቂያ እንዲያዝ ያዝዛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጭፍራና ወደ ካሳጊታ ደርሶ የሚሌ መንገድ ባሠጋበት ጊዜ፣ በሎጊያ የነበረው ባለ መኪና ዕዳውን ገና አላጓደለም ይሆናል፤ ማጓደሉ እንደማይቀር ግን ማንም ያውቅ ነበር። በፊተኛው ሥርዓት የባንኩ መዝገብ ይህን ሥጋት አይናገርም፤ በአዲሱ ይናገራል። ደንቡ የሚመሰገንበት አንዱ ስፍራ ይህ ነው። ዳሩ ግን ግምቱ የሚሠራው ከብዙ ዓመት የብድር ታሪክ ተነሥቶ ስለ ሆነ፣ ታሪኩ የሌለው ባንክ የአዲስ አበባን ቁጥር በሎጊያ ላይ ይጭናል፤ በዚህም የቆላው ነጋዴ የማይገባውን ወለድ ወይም እምቢታ ይቀበላል። መንገዱ ዝም ብሎ በሰላም በሚያልፍበት ዓመት ሁሉ የሚሠራው ታማኝ ተበዳሪ በማን መዝገብ ይመሰከርለት?

ከሎጊያ አልፎ ወደ ዱብቲና ወደ አሳይታ ሲወረድ ነገሩ ከግል ነጋዴ አልፎ የመንግሥት ይሆናል። በታችኛው አዋሽ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ከመንግሥት ጋራ ሆኖ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አቋቁሞ ነበር፤ እርሻውም በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ። ከዚያ በኋላ ያው ሜዳ ለስኳር ተመደበ፤ በአዋሽ ላይ የተንዳሆ ግድብ ተሠራ፤ በብዙ ብድር የተተከለው ፋብሪካም በ2007 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ ቆይቶም ሥራው ተቋረጠ። በአሮጌው ሥርዓት እንዲህ ያለ ፋብሪካ በወጣበት ገንዘብ ልክ በመዝገብ ተጽፎ፣ እርጅናው ብቻ እየተቀነሰ፣ ሲታይ ታላቅ ሀብት ሆኖ ይኖራል። 36ኛው ደንብ ግን ይህን አይቀበልም። ንብረቱ ቢሸጥ ምን ያወጣል፣ ቢሠራስ ምን ያስገባል ብሎ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይወስድና፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ከዚያ ከበለጠ ትርፉን ኪሳራ ብለህ ጻፈው ይላል። ኪሳራውን መጻፍ ለሥራ መሪው ያስፈራዋል፤ የጻፈው ሰው ያጠፋው ይመስላልና። ነገር ግን ገንዘቡ የጠፋው በተጻፈበት ቀን አይደለም።

የሸንኮራ አገዳው ራሱ ለሒሳብ ዐዋቂ ትምህርት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ደንቡ ሲሻሻል፣ ከአንድ ዓመት በላይ ደጋግሞ የሚያበቅለው የአገዳው ሥር እንደ ፋብሪካ መሣሪያ በወጪው እንዲመዘገብ፣ በላዩ የቆመው አገዳ ግን እንደ ሰብል በዛሬ ዋጋው እንዲመዘገብ ተወሰነ። ስለዚህ አዋሽ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ በአፋር የታችኛውን ሜዳ ባጥለቀለቀበት ዓይነት ጎርፍ የተነሣ ከአንድ ማሳ ላይ ሁለት ዓይነት ኪሳራ ይወጣል፤ አንዱ የአገዳው፣ ሁለተኛው የሥሩ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የወረሰው ማሳም እንዲሁ መመርመር አለበት። መሬቱ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋጋ የለውም፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ የማይሸጥ ነገር የገበያ ዋጋ የለውም፤ መዝገቡ የሚይዘው የተከራየበትን ወይም በሊዝ የያዘበትን መብት ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ ገማች ይህን ካልተረዳ በሜዳው ላይ የኬንያ እርሻ ዋጋ ይጽፋል። መንግሥት የስኳር ፋብሪካዎቹን ለግል ባለ ሀብት ለማስተላለፍ ባሰበ ጊዜ ሁሉ ገዢና ሻጭ የሚከራከሩት በዚህ ቁጥር ላይ ስለ ሆነ፣ የአንድ ሒሳብ ሹም ስሕተት የአገር ገንዘብ ያስከፍላል።

በዚህ ላይ የብሩ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር በላይ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት ምንም ሳይገዛና ምንም ሳይሸጥ ዕዳው በብር ተባዛበት፤ ደንቡም ይህን ልዩነት በዓመቱ ኪሳራ ውስጥ ጻፈው ይላል። የዋጋው ንረት ራሱም ሌላ ጥያቄ አስነሥቷል። 29ኛው ደንብ በሦስት ዓመት ውስጥ ንረቱ ተደምሮ ወደ 100 በመቶ ሲቀርብ ሒሳቡ ሁሉ በዋጋ ጠቋሚ እንዲታደስ ያዝዛል፤ የኬንያው ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ያለውን ድርጅቱን ሒሳብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 2023 በተዘጋው ዓመት በዚህ መንገድ አቀረበ። በዚያው ዘመን በአሮጌ ዋጋ የተመዘገበ የሎጊያ ሆቴል፣ አልጋው በዛሬ ዋጋ እየተከራየ እርጅናው በትናንት ዋጋ ሲቀነስ፣ በመዝገብ ከእውነቱ የበለጠ አትራፊ ሆኖ ታየ። ባለቤቱ ግን አልጋውን ለመለወጥ ገበያ ሲወጣ ትርፉን አላገኘውም።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። የደንቡ ዋና ቃል በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የባለቤትነት መብቱም የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ለመተርጎም የድርጅቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ቃል በቃል መተርጎሙ ብቻ አይበቃም። ይህን ከካህናት የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ንባቡን የሚያወርድ ተማሪ ትርጓሜ ቤት ካልገባ የመጽሐፉ ምሥጢር አይገባውም፤ አንድ ቃል አንድም ተብሎ ሲተረጎም ነው የሚበራው። የሒሳቡም ደንብ እንዲሁ ነው፤ ከያንዳንዱ ክፍል ጋራ የውሳኔው ምክንያት ተጽፏል፤ ሕጉን ሸምድዶ ምክንያቱን ያላነበበ ሒሳብ ሹም እጁ ላይ ያለው ንባብ ብቻ ነው። በሎጊያ ያለው ነጋዴ በአፋርኛና በአማርኛ ይገበያያል፤ ጸሓፊው በእንግሊዝኛ የተማረውን ቃል ይዞ ለባለቤቱ ማስረዳት ሲያቅተው፣ ባለቤቱ ያላነበበውን ሪፖርት ይፈርማል። በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ካለ፣ የጥጥና የከብት፣ የጨውና የጭነት ሒሳብ ከደንቡ ጋራ እየተነጻጸረ በምሳሌ ቢጻፍ፣ ከአዲስ አበባ በሆቴል አዳራሽ ከሚሰጥ የሦስት ቀን ትምህርት የበለጠ ይጠቅማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን አለማወቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር የሚታሰበው በሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች ከተዘጋጀው የትርፍና የኪሳራ መግለጫ ተነሥቶ እንዲሆን ወሰነ፤ በዚህም ሁለቱ ሕጎች አንድ መዝገብ ይፈልጋሉ። የቆየው ልማድ ግን ለግብር ሰብሳቢው የከሳ፣ ለባንኩ የወፈረ፣ ለባለቤቱ ብቻ እውነተኛ የሆነ ሦስት መዝገብ ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 16 ሒሳብ የተጠየቀው መጋቢ ባለ ዕዳዎቹን ጠርቶ 100ውን 50 ያስጻፈበትን ነገር ያስታውሰዋል፤ ያ መጋቢ ግን ሲያደርገው ደብዳቤው አንድ ነበር። ግብር ሰብሳቢው የቀረበለትን መዝገብ ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ በግምት ሲጥል፣ እውነተኛውን ያቀረበው ነጋዴ ከዋሾው ጋራ እኩል ይቀጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ያከሳዋል። በዚህ ላይ አዲስ ደንብ ቢጨመር አራተኛ መዝገብ ይወለዳል እንጂ ሦስቱ አንድ አይሆኑም። ስለዚህ የገቢዎች ሹማምንት በደንቡ መሠረት በተመሰከረለት መርማሪ የተፈረመውን ሒሳብ የማይቀበሉበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጡ ቢታዘዙ፣ ቦርዱም ያልመረመረውን የፈረመ መርማሪ ፈቃዱን ቢነጥቅ፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይሠራል። ፈቃድ የመስጠትና የመንሣት ሥልጣን አዋጁ ለቦርዱ ሰጥቶታል።

የገበያውም ዋጋ ነገር ወጪው ቀላል ነው። በሎጊያ፣ በአሳይታና በጭፍራ፣ ከወሎ ወገን ደግሞ በባቲ፣ በገበያ ቀን የግመሉን፣ የላሙን፣ የፍየሉን ዋጋ በዕድሜና በሰውነት እየለየ የሚጽፍ አንድ የወረዳ ጸሓፊ፣ ዋጋውንም በየወሩ የሚያወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ቢኖር፣ ኩባንያው የሚጠቅሰው፣ መርማሪው የሚያመሳክረው፣ ባንኩም ለመያዣ የሚቀበለው ሰነድ ይገኛል። ያው መዝገብ በድርቅ ጊዜ ለእርዳታ ሠሪዎችም ይረዳል፤ የእህል ዋጋ ሲወጣ የከብት ዋጋ ሲወርድ ረኃብ እየቀረበ መሆኑን የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃልና።

ጊዜውም አይጠብቅም። ለአነስተኞችና ለመካከለኞች የወጣው ደንብ ሦስተኛው እትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2025 ታትሟል፤ ትርፍና ኪሳራ የሚቀርብበትን መልክ የሚለውጠው 18ኛው ደንብም በ2024 ወጥቷል፤ ሁለቱም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027፣ ማለት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ወዲህ በሚጀምር የሒሳብ ዓመት ይጸናሉ። ሒሳቡን ሐምሌ 1 ለሚከፍት ድርጅት ይህ ማለት ከሐምሌ 1 ቀን 2019 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2020 ዓ.ም. ያለው ዓመት ነው፤ ለማነጻጸሪያ የሚቀርበው ያለፈው ዓመት ቁጥርም በዚያው መልክ መዘጋጀት ስላለበት፣ መዝገቡ በአዲሱ መልክ መያዝ የሚጀምረው ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።